የከሸፈና የባረቀ

በቅሎ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልጅነቴ ቢቸና ገበያ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ገዢው በመጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ አረማመዷን ያያል። ከዚያ ቀርቦ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ይመረምራል፤ ዕድሜዋ ያለው እዚያ ነውና። በመዳፉ ጀርባዋን ጫን ጫን ያደርጋል፤ የተሸፈነ ገጣባ ካላት ትሸሻለች። ኮቴዋን አንሥቶ ያያል። ተቀምጦባት ቁልቁለት ያወርዳታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ልቡ አያርፍምና በመጨረሻ "ዋስ ጥራ!" ይላል። ነገ ብትራገጥ፣ የሰው ከብት ሆና ብትገኝ የሚጠየቅ ሰው ያሻዋል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ይኖራል ስንጥር" የሚለውን ተረት እናቱ በከንቱ አልነገረችውም።

ያው ሰው ጠመንጃ ሲገዛ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሰደፉን ይዳብሳል። ወደ ትከሻው አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማዶ ያለ ዛፍ ያልማል። "ትተኩሳለች?" ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ አንድ ይለቃል። ድምፁ ከገደል ገደል ያስተጋባል። አለቀ! ብሩ ይቆጠራል። ጥርስ መግለጥ የለ፣ ኮቴ ማየት የለ፣ ዋስ የለ። ብትራገጥ ቢበዛ አጥንት የምትሰብረው በቅሎ ያን ያህል ስትመረመር፣ ሰው ለመግደል ተብሎ የተሠራው ዕቃ በአንድ ጩኸት ያልፋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንዲት አሮጌ ሲሞኖቭ ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው። እሷ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ዞር ብለን መሄድ ይኖርብናል፤ ነገሩ በእሷ የተጀመረ አይደለምና።

አማርኛችን ለጠመንጃ ሁለት ነውር ያውቅለታል። አንደኛው መክሸፍ ነው፤ ቃታው ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል። ሁለተኛው መባረቅ ነው፤ ማንም ሳያዝዘው ሲጮህ። የታመነ መሣሪያ ማለት ከሁለቱም የጸዳ ነው፦ ሲሉት ይተኩሳል፣ ሳይሉት ዝም ይላል። እነዚህ ሁለት ቃላት ግን እኩል ዕድል አልገጠማቸውም። መክሸፍ ከጠመንጃ ወጥቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። ዕቅድ ይከሽፋል፣ ሴራ ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. "መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ" የሚል መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል። መባረቅ ግን ቢበዛ የተቆጣ አለቃ በበታቹ ላይ ሲጮህ "ባረቀበት" ከማለት አላለፈም።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። መክሸፍ የጦረኛው ጭንቀት ነው፤ በጠላት ፊት ባዶ እጁን የሚያስቀረው እሱ ነውና። መባረቅ ግን የቤተሰብ ጭንቀት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ ሥር የሚተኙት ሚስትና ልጆች፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ እንግዶች ናቸው የሚፈሩት። ታሪካችንን ደግሞ ያወሩልን ባብዛኛው ጦረኞቹ ናቸው። ስለዚህ ለዘመናት "ትተኩሳለች?" ስንል ኖርን እንጂ "ዝም ማለትስ ታውቅበታለች?" ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መቼም ጠመንጃ ወደዚህ አገር ሲገባ ብዙውን ጊዜ የገባው ሌላው ሰው ከጨረሰው በኋላ ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከኋላው የሚጎርሰውን፣ በጊዜው አዲስ የነበረውን ስናይደር ታጥቀው ነበር። ሲመለሱ መንገድ ለከፈቱላቸው ለካሣ ምርጫ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ ጥቂት መድፍና ብዙ ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። የተዉት ጠመንጃ ግን ስናይደሩን አልነበረም። በአፈሙዙ የሚጎረሰውን፣ ለራሳቸው ወታደር የማይሆነውን አሮጌውን ነው። ካሣ በዚያው በአሮጌው መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው ዘውድ ጫኑ። አሮጌ ነገር ለያዘው ሰው አዲስ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የፈረንሳዩን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ነገር ሳነሣ ተማሪዎቼ የሚነቁት ግጥሙ ላይ ሳይሆን ጠመንጃው ላይ ነበር። እውነትም ታሪኩ ያነቃል። ራምቦ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ 2,000 ያህል ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ገባ። የጠመንጃዎቹን ማንነት ራሱ ነው የሚነግረን። ከታጁራ በኅዳር 1878 ዓ.ም. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዕቃዎቹ ከአገልግሎት ከወጡ 40 ዓመት የሆናቸው አሮጌ ጠመንጃዎች እንደሆኑ፣ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጣ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ በግልጽ አስፍሯል። ሰውየው ለእናቱ አልዋሸም፤ እውነቱ ለእናቱ ነው፣ ዋጋው ለገዢው ነው።

ምኒልክ ግን የበቅሎ ገበያ ያደገ ሰው ዓይን ነበራቸው። ራምቦ ሸዋ ሲደርስ ንጉሡ ከጨለንቆ ድል በኋላ ሐረርን ይዘው፣ ግብፆች እዚያ ትተውት የሄዱትን የተሻለ መሣሪያ ወስደው እየተመለሱ ነበር። የራምቦን ዕቃ አዩት፤ ዋጋውን ቆረጡት። በዚያ ላይ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ አለብህ ብለው ቀነሱበት። የቀረውንም በሐረር ራስ መኰንን ይክፈሉህ ብለው በወረቀት ሰደዱት። ራምቦ በኋላ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ክፉኛ አማርሯል። እኔ ግን ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ከንፈር ገልጦ ጥርስ የሚያይ ሰው ነው። ንጉሡ ዋጋውን መርምረዋል። የመሣሪያውን ዕዳ የተሸከመው ግን ስሙ በየትኛውም ደብዳቤ ያልተጻፈ፣ ጠመንጃዋ የደረሰችው ባላገር ወታደር ነው። 40 ዓመት መጋዘን ውስጥ የኖረች፣ ባሕር ተሻግራ በግመል ጀርባ የመጣች መሣሪያ ፊቱ ላይ ትፈንዳ አትፈንዳ የሚያውቀው የዚያን ዕለት ነው።

የሚገርመው እዚያው ሊዬዥ ከተማ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1672 ጀምሮ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት መኖሩ ነው። ለንደን ከ1637፣ በርሚንግሃም ከ1813 ጀምሮ እንዲሁ ነበራቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ የተሠራውን ጠመንጃ ከወትሮው የበዛ ባሩድ ያጎርሱትና ሰው ዞር ብሎ ይተኮሳል። ከፈነዳ እዚያው ይፈነዳል፤ ከቻለው ብረቱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ምን ማለት መሰላችሁ? ዋስ ማለት ነው። የእኛ ሰው በቅሎ ሲገዛ የሚጠራው ዋስ፣ እዚያ በብረት ላይ ተቀርጾ ዕቃውን ይከተላል። ችግሩ ዋሱ የቆመው ጠመንጃዋ ለተወለደችበት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስትዝግ፣ ስትጠገን፣ የአንዷ ክፍል ከሌላዋ ሲዋሰብ የመሰከረ የለም። የዛሬ 40 ዓመት የተጠራ ዋስ ዛሬ ከየት ይመጣል?

አውሮፓውያን ይህን ልዩነት በውል እስከማስፈር ደርሰዋል። በእ.ኤ.አ. 1890 ብራስልስ ላይ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ብለው ሲስማሙ፣ ለአብዛኛው አፍሪካ ዘመናዊና የተሻለ ጠመንጃ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በባልጩት እሳት የሚጫረውን አሮጌውን ጠመንጃ ግን ፈቀዱ። ለአፍሪካዊ እሱ ይበቃዋል ማለታቸው ነው።

ምኒልክ በሚያገኙት ቀዳዳ ሁሉ የተሻለውን ፈለጉ። ፈረንሳይ በእ.ኤ.አ. 1874 የያዘችውን "ግራ" የተባለ ጠመንጃ በ1886 በለበል ስትተካው አሮጌው ተረፈ፤ ተረፈና ወደ እኛ መጣ። ፉዚ ግራ በባላገሩ አፍ ውጅግራ ሆነ። የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ሆነ፣ የቤልጅጉም ቤልጅግ ተባለ። ስሞቹን ስትደረድሯቸው የአውሮፓ ሠራዊት በየጊዜው የቀየረው ልብስ ዝርዝር ይመስላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በአመዛኙ እንዲህ የተለቃቀመ መሣሪያ የያዘ ሕዝብ አንድ የአውሮፓ ጦር ድል አደረገ። ለዚያ ቀን ምስጋናው ለመሣሪያው ሳይሆን ለያዙት እጆች ይገባል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሰው በጥይት በግ ይገዛ ነበር። አንዲት ጥይት በስንት ሰው ላብ፣ በስንት ቀሚስ መቀነት፣ በስንት ክረምት እርጥበት ውስጥ ዞራ ይሆን ወደ ጠመንጃ ጉሮሮ የምትገባው? "ከሸፈብኝ" ያለው ሰው ሁሉ የጠላት አስማት ተደርጎበት አልነበረም።

ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንምጣ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ እዚያ አሜሪካኖች ያስታጠቁት "ኤም ዋን" የሚባለውን ነበር። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመሣሪያ ዕርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ይኸው መሣሪያ የክቡር ዘበኛውና የጦር ሠራዊቱ መለያ ሆነ። ኤም ዋን ከፊል አውቶማቲክ ነው። ይኸውም አንዱ ጥይት ሲተኮስ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ቀለሁን ይጥልና ሌላውን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። የተኳሹ ሥራ ቃታ መሳብ ብቻ ነው። በውጅግራ ጊዜ ጠመንጃን የሚያጎርሰው ሰው ነበር፤ አሁን ራሷ ጎራሽ ሆነች። ልብ በሉ፤ ራሷን የምታጎርስ ጠመንጃ ከተበላሸች ራሷን ችላ ነው የምትበላሸው።

ሠራዊቱ ይህን ያውቅ ስለነበር ከመሣሪያው ጋር አንድ ልማድ መጣ፤ ፍተሻ። ወታደሩ ተሰልፎ ማቀባበያውን ይከፍታል፣ አለቃው በየተራ ጉሮሮውን ያያል፣ ዝገት ያገኘበት ይቀጣል። ዋሱ በየቀኑ ይታደስ ነበር ማለት ይቻላል። መሣሪያው ከሠፈር ወጥቶ ገበያ ሲገባ ግን ልማዱ አብሮት አልወጣም።

በሰኔ 1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነው ሕዝባዊ ሚሊሺያ በአዲስ አበባ ሲሰለፍ አገሪቱ ከአሜሪካ ወደ ሶቭየት ኅብረት ዞራ ነበር። ከሶሻሊስቱ ጎራ ከመጡት መሣሪያዎች አንዷ ሲሞኖቭ ነበረች። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፋት፣ አሥር ጥይት የምትጎርስ፣ ከፊል አውቶማቲክ ናት። ክላሽ ሲመጣ በራሷ አገር ጡረታ ወጣች፤ እኛ አገር ግን ገና ሥራ መጀመሯ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ መሣሪያውም አብሮ ተበተነ። ወታደሩ በየመንገዱ ጠመንጃውን ለስንቅና ለትራንስፖርት ሸጠ። አጎቴም ያን ጊዜ ነው አንዲት ሲሞኖቭ የገዙት።

የገዙበትን ምክንያት ዛሬም ያስታውሱታል። ሻጩ "አዲስ ናት፣ ከነግሪሷ ናት" አላቸው። እውነትም ከመጋዘን የወጣች ይመስል ከላይ እስከ ታች ግሪስ ጠጥታለች። ላይዋን በጨርቅ ጠረጉት። የውስጡን ማን ይነካል? ግሪሱ የአዲስነቷ ምስክር ነው። "ትተኩሳለች?" አሉ። አንድ ተተኮሰ፤ ተኮሰች።

በ1984 ዓ.ም. ጥር ወር ለአንድ ዘመድ ሠርግ ሄድን። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ሙሽራው ሊወጣ ሲል አጎቴ ሲሞኖቫቸውን አንሥተው አሥሩንም ጥይት አጎረሱ። የ14 ዓመት ልጃቸው አጠገባቸው ዝናር ይዞ ቆሟል። ማቀባበያውን ስበው ለቀቁት። በዚያች ቅጽበት ጠመንጃዋ ባረቀች። አንዴም አይደል፤ እስክትጨርስ። የመጀመሪያዋ ጥይት ልጁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አገኘችው፤ የቀሩት እየወጡ ዳሱን በሳሱት። ልጁ ተረፈ፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ያየ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለው፦ "ቃታውን ያዙት።" ደግ ደጉ "ሰይጣን ነው" አለ። አጎቴ "አልነካሁም" ብለው ማሉ፤ ከጊዜ በኋላ ግን እሳቸውም መማላቸውን ተዉ፤ በራሳቸው ጣት መጠራጠር ጀመሩ። ባለቤታቸው ምንም አላሉም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአንድ መሶብ አብረዋቸው አልቆረሱም።

ከ14 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ፣ እድራችን ባቆመው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ አጠገብ ተቀመጥሁ። ወሬ ወሬን ሲያነሣው የአጎቴን ነገር ነገርኋቸው። ሰውየው ያቋረጡኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ "ግሪሷ ከውስጥ ወጥቶ ነበር?"

ከዚያ አስረዱኝ። የጥይቱን ቂጥ መትቶ የሚያስነሣው መርፌ በሲሞኖቭ ማቀባበያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንደልቡ ይንሸራተታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት መርፌውን ወደ ኋላ የሚይዝ ጥቅል ሽቦ ነበራቸው፤ በኋላ ቀርቷል። የማስቀመጫው ግሪስ ውስጡ ሲደርቅ ወይም ቆሻሻ ሲጠራቀም መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ይጣበቃል። ማቀባበያው ሲዘጋ ቃታ ሳይነካ ጥይቱን ይመታል፤ የሚቀጥለውንም፣ የሚቀጥለውንም። ስለዚህ አዲስ የገዛ ሰው መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል፤ "ባዶ ናት" የሚል ሰው አይታመንም። ከዚያ ፈታትቶ ግሪሱን ሙልጭ አድርጎ ያጥባል። ማቀባበያውን ለብቻው ይዞ ይነቀንቀዋል፤ መርፌዋ ስትንኳኳ መሰማት አለባት። ዝም ካለች ተጣብቃለች። ቁጥሮቹ ከክፍል ክፍል መግጠማቸውን፣ በአፈሙዙ ውስጥ ዝገትም እብጠትም አለመኖሩን፣ መቆለፊያው በትክክል ቃታውን መያዙን ያያል። ከዚያም በኋላ ለባለሙያ ያሳያል። የመጀመሪያዋ ተኩስ በአንድ ጥይት፣ ቀጥላ በሁለት፣ አፈሙዟ ወደ አፈር ቁልል ዞሮ፣ ሰው በሌለበት መሆን አለባት።

"አሥር አጉርሶ ሰው መሀል?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አጎትህ ጥፋተኛ ናቸው። ጣታቸው ግን ንጹሕ ነው።"

ዛሬ የጦር መሣሪያ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 1177/2012። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ፈቃድ ይኑረው ይላል፤ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከወረቀቱ በፊት ያለው ነገር ነው። ፈቃዱ የሰውየውን ማንነት ይነግረናል። የጠመንጃዋን ጥርስ ገልጦ የማየት ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይመጣም፤ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከአፍ ወደ አፍ መሻገር አለበት። ራምቦ የሚያውቀውን ለእናቱ ጻፈ እንጂ ለገዢው አልነገረም። ከዚያ ወዲህም የሚያውቀው ዝም እያለ፣ የማያውቀው እየማለ፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖሯል።

የባለሙያውን ቃል ይዤ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ሄድሁ። አጎቴ አርጅተዋል። ዛፍ ጥላ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ግሪሱ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

"እና ቃታውን አልሳብሁም?"

"አልሳቡም፣ ጋሼ።"

እንባቸው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አልመጣም። ጣታቸውን እያገላበጡ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወደ ማዶ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ አፍጥጠው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል እንዲህ አሉ፦

"ልጁ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ በሳምንቱ ሸጥኋት። ላያት አልቻልሁማ! ከዓባይ ማዶ የመጣ ሰው ነው የገዛኝ። ልጆች አሉኝ ብሎኝ ነበር። 'ትተኩሳለች?' አለኝ። 'አዎን' አልሁት።"